ቆላ አይታደርም

ሰው አብዝቶ የሚወቅሰው ባሌን ገዱን ነው። መሬቱን በገዛ እጁ ለቦረቦር ሰጠና ልጁ የሚያርሰው አጥቶ ቆላ ወረደ ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን የራሴን ጥፋት ለባሌ አላሸክምም። ልጃችንን ዘመነን ከታመመበት አልጋ አስነሥቼ ከቆላው ከአዲ አርቃይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ነርሷ ይቆይ ብላ ነበር። ገዱ ይቆይ ብሎ ነበር። ልጁ ራሱ "እማ፣ እዚሁ ልቆይ" ብሎኝ ነበር። ሦስቱንም እንቢ ያልሁ እኔ ሸጊቱ ነኝ።

ለምን እንቢ እንዳልሁ የሚገባው የእኛን አኗኗር ላወቀ ነው። አገራችን ከደባርቅ በላይ በበቅሎ ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከገብስና ከባቄላ በቀር እምብዛም የሚበቅል የለም፤ በርበሬውም ጤፉም ከቆላ ነው የሚመጣ። አባቴ ገብሱን በአህያ ጭኖ ቆላ ገበያ ይወርድ ነበር። ሲወርድ የገደሉ ወገብ ላይ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ ወርዶ፣ ሸጦ ለውጦ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሶ እዚያው ወገቡ ላይ ይወጣል። ብርድ ቢገርፈው ዝናብ ቢደበድበው ቆላ አያድርም። "ቆላ አይታደርም" ነው ቃሉ። ለምን ያሉት እንደሆነ "አይታደርማ" ይላል፤ ሌላ መልስ የለውም።

ያደረ ሰው ምን እንደሚሆን ግን ሁሉም አይቷል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ለሰርግ ወርዶ፣ ጠላው ጥሞት አድሮ፣ ንዳድ ይዞት ተመለሰና በሁለተኛው ሳምንት ተቀበረ። የምትነክሰው ትንኝ ማታ እንደምትወጣ ያኔ ማን ያውቃል? ሕጉን ብቻ ነው የሚያውቁ። ሕጉን የጠበቀ ተመልሶ ልጅ ወለደ፤ ያልጠበቀ ቀረ። እኛ የጠበቁት ሰዎች ልጆች ነን።

ዘመነ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ፈረንጆች ደማችንን ሊመረምሩ መጡ። ሀብተ ሚካኤል የሚባል የተማረ የዳባት ልጅ አስተርጓሚያቸው ነበር። ጣታችንን ወግተው ደም ወሰዱ፤ ጣት የምትቆነጥጥ ዕቃ እየሰኩም ቁጥር ጻፉ። ልጆቹን ደግሞ ዳገት አስወጧቸው። ፈረንጆቹ ራሳቸው ከመኪናቸው እስከ ኪዳነ ምሕረት አጥር እስኪደርሱ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚተነፍሱት፤ ሴቱ ሁሉ በነጠላው ተሸፍኖ ሳቀባቸው። ዘመነ ዳገቱን ወጥቶ ወርዶ አንድ ጊዜ እንኳ አላለከለከም። ቁጥሩን አዩና እርስ በርስ ተያዩ። እኔም አይቻቸው ኩራት ኩራት አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

"እትዬ ሸጊቱ፣ የዚህ አገር አየር ስስ ነው፤ ሌላውን ሰው ያደክማል። የእናንተ ደም ግን ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ለምዶታል" አለኝ ሀብተ ሚካኤል።

"እንዴት አድርጎ ለመደው?" አልሁት።

"አየሩ ያልተስማማው ልጁ አይጸናለትም፤ የተስማማው ወልዶ ያሳድጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ተራራው ለራሱ የሚሆነውን ሰው መረጠ።"

"የሚመርጥስ እግዜር ነው" አልሁት።

"እሱም ቢሆን በዚሁ በኩል ነው የመረጠው" ብሎ ሳቀ። ነገረኛ ልጅ ነው፤ ግን ወደድሁት።

ሁለት ነገር ደግሞ ጨመረልኝ። ሁለተኛውን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስሁት፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ። አንደኛው ግን አናደደኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ተረተር በእጁ እያሳየ፣ "ተራራው እናንተን እንደሠራ እናንተም ተራራውን ሠርታችሁታል። ይህ ሁሉ የአስታ ጫካ ነበር" አለኝ። አስታ የደጋ ዛፍ ነው፤ አሁን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ የለም። አያቶቻችን መንጥረው ባያርሱት ምን ይብሉ? እንደዚያው አልሁት። "እኔ ልወቅስ አይደለም" አለና ዓይኑን ከእኛ ማሳ ላይ አላነሣም። የሚያየው የገዱን ፈሰስ ነበር።

ፈሰስ ማለት የክረምቱ ውኃ ከማሳው እንዲወጣ በሰኔ በማረሻ የሚቀደድ ሰያፍ ቦይ ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ጥበብ ነው። ቀጥ ያለ እንደሆነ ውኃው ይጋልባል፤ የተጋደመ እንደሆነ ውኃው ይተኛና ገብሱን ያበሰብሰዋል። ገዱ በጎረምሳነቱ ከማሳው ራስ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ያይና ሞፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ ዞሮ አያይም። አገሩ ሁሉ እሱን እየጠራ ነው ፈሰስ ያስቀድድ የነበረ። እኔም ያገባሁት ለዚያ ነው ብል ውሸት አይሆንም። በተጋባን ዓመት ከአባቴ በተሰጠን ማሳ ላይ የቀደደውን ፈሰስ ሰዎች ለማየት መጥተው ነበር።

ያ ፈሰስ በሦስተኛው ክረምት ክንድ ጠለቀ። በዐሥረኛው በቅሎ ገብታበት መውጣት አቃታት። ዛሬ ቦረቦር ነው፤ ከወዲያ ማዶው ሰው ለመጥራት መጮኽ ግድ ነው። ከአባቴ ማሳ የቀረን በጠርዙ ያለች ጠባብ ቁራጭ ናት፤ እሷም ጭንጫ ሆናለች። አፈሩ የት ሄደ ካላችሁ ገደሉ ሥር ሜዳው ላይ ተቆልሏል፤ ደለል እንለዋለን። ገዱ ምን ያድርግ? ውኃውን ካላስወጣው ገብሱ ይበሰብሳል፤ ካስወጣው አፈሩን ይዞበት ይሄዳል። አባቱም አያቱም ያደረጉትን ነው ያደረገው። ከእነሱ የሚለየው እጁ የተዋጣለት በመሆኑ ነው።

ዘመነ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሚስት ሊያጩለት ሰዎች መጡ። "ምን ያርሳል?" አሉ። ገዱ ወደ ቦረቦሩ አየ። በሐምሌ ልጁ ልብሱን በፌስታል ቋጠረና "ሰሊጥ አረም ልሄድ ነው፣ ከአዲ አርቃይ ወዲያ" አለኝ።

"ማታ ማታ የት ልታድር ነው?" አልሁት።

ሳቀብኝ። "እማ፣ ሰሊጥ እየተመላለሱ አይታረምም እኮ። ካምፕ ነው። አጎበር አለ ብለውኛል።"

በሶ አሰርሁለትና ሄደ። ተው አላልሁትም፤ ምን ሰጥቼ ላስቀረው? ብቻ በየምሽቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኔ ወደ ቆላ ይሄድ ነበር። ከእኛ አፋፍ ላይ ሆነው ሲያዩት ቆላው ጭጋግ ነው፤ ሰው የሚኖርበት አይመስልም።

በጥቅምት ጓደኛው ደወለ። ዘመነ አጎበሩን ለታመመ ሰው ሰጥቶ ሲያድር ከርሟል፤ አሁን እሱም ታሞ አዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ገብቷል አለ። ገዱና እኔ ደባርቅ ዘመድ ቤት አድረን በማለዳ ሚኒባስ ሊማሊሞን ወረድን። አራት ሰዓት ላይ አዲ አርቃይ ደረስን። ያ ሙቀት ፊቴን ሲመታኝ ልጄን እሳት ውስጥ የጣልሁት መሰለኝ።

አልጋ ላይ አገኘነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ምሥራቅ የምትባል ነርስ፣ የዚያው አገር ልጅ፣ ትግርኛ ትግርኛ በሚል አማርኛ አስረዳችን።

"ወባ ነው እማማ፣ ከባዱ ዓይነት። መርፌ ጀምሬለታለሁ። ትናንት ማታ አንድ፣ ዛሬ ጧት አንድ ወግቼዋለሁ። ዛሬ ማታና ነገም ይወጋል። ከዚህ መንቀሳቀስ የለበትም።"

"ስንት ቀን?"

"ሦስት ቀን ይተኛ፤ ከዚያ እናያለን።"

ሦስት ሌሊት ቆላ። በመስኮቱ ፀሐይዋን አየሁ፤ ወደ አናት እየወጣች ነበር። አባቴ ሸጦ ለውጦ አህያውን የሚጭንበት ሰዓት ነው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ አሳብ አይደለም፣ እግሬ ራሱ ወደ ዳገቱ ነው ያለው።

"የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የእኛ ሰው ቆላ አይድንም። ደጋው ነው የሚያድነው" አልኋት።

"እማማ፣ በሽታው አየሩ ውስጥ አይደለም። ደሙ ውስጥ ገብቷል። ደጋ ቢወጣም ይዞት ነው የሚወጣው።"

"ደሙንማ ፈረንጆች መርምረውታል። የተራራ ደም ነው። ተራራው ያውቀዋል።"

ልጅቱ ወደ ገዱ ዞረች። ገዱ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ "ሸጊቱ፣ ይቆይ። የተማሩ ናቸው" አለኝ።

"አንተ ፈሰስህን ቅደድ" አልሁት። በሰው ፊት። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ባርኔጣውን አጠለቀና የልጁን ልብስ በፌስታል ይቋጥር ጀመር።

ዘመነ ዓይኑን ገለጠ። "እማ፣ እዚሁ ልቆይ። ምሥራቅ ደኅና አድርጋ ይዛኛለች" አለ። ትኩሳቱ ነው የሚያናግረው ብዬ ግንባሩን ሳምሁት። ምሥራቅ በራሳችን ፈቃድ እንዳወጣነው የሚፈረመውን ወረቀት አመጣች። "እሺ፣ ይሁን። ግን ደባርቅ ስትደርሱ በቀጥታ ሆስፒታል አስገቡት፤ ማታ መርፌው እንዳያልፈው" ብላ ማስታወሻ ጻፈችልኝ። በመቀነቴ ቋጠርሁት። እስካሁን አለ።

ሚኒባሱ ሊማሊሞን መውጣት ሲጀምር ዘመነ ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር። በእያንዳንዱ ጥምዝ አየሩ ይለወጣል። መጀመሪያ ላቡ ቆመ። ቀጥሎ ተንቀጠቀጠ፤ ጋቢዬን አለበስሁት። ግማሹን እንደወጣን ብርዱ በመስኮት ሲገባ ጸጥ አለ። "አየህ? ደጋው ያዘው" አልሁት ለገዱ። ገዱ ገደሉን ነበር የሚያይ።

ደባርቅ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ዘመነ ዓይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀና ጠጣ። ይኸ ነው ያታለለኝ። ሆስፒታሉ ከመነኸሪያው ሩቅ አይደለም፤ አየሁት። በቅሎዋ ዘመድ ቤት ታስራ ትጠብቀናለች። ልጄ ውኃ ጠጥቷል፣ ፀሐይዋም ገና ናት፣ ሁለት ሰዓት ቢታገሥ የገዛ አየሩ ውስጥ ይገባል አልሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። በቅሎዋ ላይ ደግፈን አወጣነው፤ ሊመሽ ሲል ቤታችን ገባን። ጸበል ረጨሁት። ጥቂት አጥሚት ቀመሰ። "በረደኝ እማ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ በረደኝ ሲል ደስ አለኝ።

ጧት ወፍ ሲንጫጫ እጄን ሰድጄ ግንባሩን ዳሰስሁ። ቀዝቅዟል። ያ ሁሉ እሳት የለም። ተመስገን ብዬ ተነሣሁና በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጎረቤታችን አልጣሽ ከብት ታወጣ ነበር። "አልጣሽ፣ ለቀቀው፤ ንዳዱ ለቀቀው፤ በርዶ አደረ" አልኋት። እሷም እሰይ፣ እሰይ አለች። ልመለስ ዞር ስል ገዱ ከበሩ ላይ ቆሟል። መንገድ አልለቀቀልኝም። ፊቱን ሳየው ነው የገባኝ።

እንግዲህ ለቅሶውን አልነግራችሁም። ለቅሶማ የሁሉም አንድ ነው። መቃብሩን ግን ልንገራችሁ።

ወንዶቹ በኪዳነ ምሕረት ግቢ ከአስታው ሥር መቆፈር ጀመሩ። ጉልበት ሳይደርስ ዐለት ሆነ። ወደ ምሥራቁ ሄዱ፤ እዚያም ዐለት። ከገዱ አባት መቃብር አጠገብ ሞከሩ፤ አንድ ክንድ ወርደው ዶማው እሳት ተፋ። ሀብተ ጊዮርጊስ የሚባለው የዕድራችን ዳኛ ላቡን ጠርጎ "አባ፣ አፈር የለም" አላቸው አባ መልከ ጼዴቅን። አባም ዐለቱን አዩ። "በዚሁ ይጋደምና ከላይ ድንጋይ ይከመርበት" አሉ ቀስ ብለው። "ይቅር ይበሉኝ አባ፣ አውሬ ያወጣዋል" አለ ሀብተ ጊዮርጊስ።

ገዱ ያን ጊዜ ከሬሳው አጠገብ ተነሣ። ቤት ሄዶ የገብስ ጆንያዎቻችንን ይዞ መጣ፤ ባዶ ናቸው፣ ባዶ ከሆኑም ከርመዋል። በቦረቦሩ በኩል ወደ ገደሉ ሥር ወረደ። ወዴት እንደሚሄድ የገባቸው ወንዶች ጆንያ ጆንያቸውን እያመጡ ተከተሉት። ሬሳው ግቢው ውስጥ ሲጠብቅ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አፈር በትከሻቸው ተሸክመው ሽቅብ አመላለሱ። ቄሶቹ ፍትሐቱን ሁለት ጊዜ ደገሙ።

የመጀመሪያው ጆንያ ሲገለበጥ አንድ እፍኝ አነሣሁ። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ፣ ሲጨብጡት እንደ ሊጥ የሚያያዝ። አወቅሁት። ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር የጎለጎልሁት አፈር ነው። ልጄ ሊያርሰው የሚገባ አፈር ከእሱ ቀድሞ ቆላ ወርዶ ኖሯል። አፈር ልብላልህ ስለው ነበር ያደገው፤ አሁን እሱን አፈር አለበስሁት፣ ያውም ተለቅሞ የመጣ አፈር።

እዚያ ተቀምጬ ነው ሁለተኛው የሀብተ ሚካኤል ነገር ትዝ ያለኝ። ያኔ ዘመነን ዐቅፌ ስኮራ፣ "ግን እትዬ ሸጊቱ፣ ደማችሁ የሚያውቀው አየሩንና ብርዱን ነው። ወባን አያውቃትም። ከያዘቻችሁ እዚያው በያዘቻችሁ ቦታ ታከሙ፤ ተራራው ለሷ መድኃኒት የለውም" ብሎኝ ነበር። እንዲህ ቃል በቃል። ምስጋናውን ለዐሥር ዓመት ቋጥሬ ስይዝ ምክሩን ጥዬው ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ እኔ ነኝ ያ።

ሰዉ ግን ይህን አይሰማም። ተዝካር ሳይወጣ ጀምሮ የሚባለውን አውቃለሁ። "ቆላ አድሮ ሞተ" ነው የሚሉት። "ሸጊቱ ዘግይታ አወጣችው" ይላሉ። አንድም ሰው "ለምን አወጣችው" አላለም። ልጄ ሞቶ እንኳ ሕጉን አጸናው።

በሰኔ ሰዎች ገዱን ፈሰስ ሊያስቀድዱ መጡ። አይሄድም ብዬ ነበር፤ ሄደ። "ውኃው ይተኛባቸዋል" አለኝ። ከማሳው ራስ ላይ ቆሞ አየና እንደ ጎረምሳነቱ ሳይዞር ወረደ አሉ። እጁ አሁንም የተዋጣለት ነው።

ዘንድሮ በጥቅምት የአልጣሽ ልጅ ተክለ ማርያም ሰሊጥ ማጨድ ወርዶ ታመመ። እዚያው አዲ አርቃይ፣ እዚያው ጤና ጣቢያ። አልጣሽ መቀነቷን እያጠበቀች ለመንገድ ስትዘጋጅ ቤቷ ሄድሁ።

"አልጣሽ፣ ስሚኝ። እዚያው ተዪው። ምሥራቅ የምትባል ነርስ አለች፤ መርፌውን ትጨርስለት። ከአልጋውም እንዳታስነሺው" አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። "የእኔም እንደ ልጅሽ ይቅር ነው የምትዪው?"

"በኪዳነ ምሕረት። በልጄ አፈር ይዤሻለሁ።"

"አንቺ ዘግይተሽ ነው እህቴ" አለችኝ፣ እየራራችልኝ። "እኔ ዛሬውኑ ቶሎ አወጣዋለሁ።" የምትናገረው የእኔን ቃል ነው። እየተከተልሁ እስከ አፋፉ ሸኘኋት፤ ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ ነጠላዋን ያዝሁ። ቀስ ብላ ከእጄ አስለቀቀችው። ሰዎች ኀዘን አዙሯት ነው አሉና ይዘው መለሱኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በደባርቅ መንገድ ሲመጡ አየናቸው። ተክለ ማርያም በቃሬዛ ነው። አልጣሽ ከፊት ናት፤ ፊቷ በርቷል። በደጃችን ሲያልፉ ቆም ብላ "ሸጊቱ፣ በረደለት እኮ፤ ሊማሊሞን ስንወጣ ጊዜ በረደለት" አለችኝ።

ወደ ቤት ዘወር ስል ገዱ የዘመነን አፈር የተሸከመባቸውን ጆንያዎች ከምሰሶው ላይ አውርዶ አንድ በአንድ እያራገፋቸው ነበር።